«አጥበው ይብሉት» የተባልኩት ጎመን

ልጽፈው የምፈልገው በደል ይህ ነው። በስሜ የይዞታ ደብተር ባለው መሬት ላይ፣ በእጄ ኮትኩቼ ባሳደግሁት ጎመንና ዱባ ላይ የአረም መድኃኒት ከላይ ሲወርድ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። ከተቃጠለ በኋላ ደግሞ «አጥበው ይብሉት» ተባልኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድም ይህን ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልፈለግሁም።

ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ መሬቴን የሚያርስልኝ የወንድሙ ልጅ ነው። እኔ መሬት፣ እሱ በሬና ጉልበት፤ የተገኘውን እኩል እንካፈላለን። በእኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም። ባለፈው ክረምት የአካባቢው ሰው ስንዴ በኩታ ገጠም ልዝራ አለ፤ ማሳው ሁሉ ተያይዞ፣ አንድ ዓይነት ዘር፣ በአንድ ጊዜ። የእኔም ገባ። ለዚሁ የተቋቋመው የገበሬዎች ማኅበር ሰብሳቢም ይኸው የወንድሙ ልጅ ሆነ። በወንዙ በኩል ያለችውን ቁራሽ ግን «ይቺን ተዉልኝ» አልኩና ጎመንና ዱባ ተከልኩባት። ስንዴው እስኪደርስ ነሐሴንና መስከረምን የምሻገረው በእሷ ነበር። ጎተራዬ ውስጥ የቀረ ነገር አልነበረም።

የአረም መድኃኒቱን የሚረጭ ድሮን ይምጣ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። ወንዶቹ መድኃኒቱን በባዶ እጃቸው ሲያማስሉ፣ በዚያው እጅ ዳቦ ሲቆርሱ ማየት አንገፍግፎኝ ነበር። ይኸው የወንድሙ ልጅ መርጫውን በጀርባው አዝሎ በዋለ ቀን ሲያስመልሰው ራሱን የያዝኩለት እኔ ነኝ። ድሮን ሲባል ፊታቸው የተለወጠ ብዙዎች ነበሩ፤ በእኛ አገር ያንን ድምፅ በደስታ የሚሰማ የለም። «ይሄኛው የሚሸከመው የአረም መድኃኒት ነው» እያልኩ ያግባባሁት እኔው ነኝ። አንድ ነገር ብቻ አጠበቅሁ፤ የሚመጣው ሰው ፈቃድ ይኑረው። ቡሬ ላይ ፈቃድ ያለው ተገኘ፤ ቀን ተቆረጠለት።

በዚያ ቀን እኔ ፍኖተ ሰላም ነበርኩ፤ ሆስፒታል የተኛች እህቴን ላስታምም ሄጄ። በሦስተኛው ቀን ተመልሼ ወደ ወንዙ ስወርድ ሽታው ቀድሞ ተቀበለኝ። የጎመኑ ቅጠል እንደ ጆሮ ተጠቅልሏል። የዱባው ሐረግ ተጣምሞ፣ ጫፉ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ቀርቷል። ስንዴው መሃል የነበረው አረም እንኳን እንዲያ አልሆነም። እቤት ተመልሼ የወንድሙን ልጅ አስጠራሁት።

«ምን አደረጋችሁት?»

«ነፋስ ነው እትዬ፤ ትንሽ ነካ አደረገው።»

«ነፋሱ ቅጠል በቅጠል እየቆጠረ ነው የነካው? አንድ እንኳን አልሳተም?»

«እንግዲህ ምን ይደረጋል። ደግሞ ምንም አይልም፤ አጥበው ይብሉት።»

ምራቄን ዋጥኩት፤ መረረኝ። መርዙ ይሁን ንግግሩ እስከ ዛሬ አለየሁም። ይህን ሰው በእጄ አጉርሼው አውቃለሁ።

በማግስቱ በሚኒባስ ቡሬ ወረድኩ። ባለድሮኑን ያገኘሁት ባትሪዎቹን እየጠራረገ ነው። የፈቃድ ወረቀቱ በአንገቱ ተንጠልጥሏል።

«እማማ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም! ያ አንገትህ ላይ ያለው ወረቀት የሰው ምግብ ላይ መርዝ ርጭ ይላል?»

ስጮህበት ባትሪዎቹን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ ከቦርሳው አንድ ቅጽ አውጥቶ ፊቴ ዘረጋልኝ። በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት። «በማሳው ውስጥ ሌላ ሰብል አለ ወይ?» ይላል ጥያቄው። መልሱ «የለም» ነው። «ባለይዞታ» ከሚለው ሥር የወንድሙ ልጅ ፈርሟል። በእኔ መሬት ላይ፣ ባለይዞታ ብሎ።

«ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው እማማ። እኔ የተሳሳትኩት ድሮኑ የሚረጭበትን የማሳ ማዕዘን አብረውኝ ዞረው ያሳዩኝን እሳቸውን አምኜ ነው። ከሩቅ ሲታይ ሁሉም አረንጓዴ ነው።»

«ታጥቦ ይበላል?»

«ኧረ እንዳያደርጉት! ለከብትም አይስጡት።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። የጮህኩት በማይገባው ሰው ላይ ነበርና። ወደ ቤት የሚመልሰኝ መኪና ውስጥ ግን ገላዬን ሁሉ አሳከከኝ። ማሽን ቢሳሳት ኖሮ እችለው ነበር።

ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። እሑድ ጠዋት ከዚያው ጎመን ቆረጥኩ፣ ሰባት ውኃ አጠብኩት፣ በአሮጌው የሸክላ ድስት ቀቀልኩት። ከቅዳሴ በኋላ የማኅበሩ ወንዶች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ዛፉ ሥር ይቀመጣሉ። እዚያ መሃላቸው ድስቱን አስቀመጥኩና ከፈትኩት። ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ወጣ።

«ምንድን ነው እትዬ?» አሉ አንዱ ሽማግሌ።

«ጎመን ነው። ታጥቧል። ብሉ።»

«ዘይት የለውም እንዴ?»

«መድኃኒት አለው፤ ዘይት ምን ያደርግልዎታል?»

ጥቂቶች ሳቁ። ከዚያ ሳቁ አለቀ። አንድ እጅ አልተንቀሳቀሰም። ቢንቀሳቀስ መትቼ ልመልሰው ዱላዬን አጥብቄ ይዤ ነበር። አፍንጫቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ እያየሁ ተጸየፍኳቸው። ለእኔ ይበላል የተባለ ነገር ለእነሱ ሲቀርብ ሸተተ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ከየቤታችን እህል እናዋጣና እትዬን እንካስ፤ ይሄ ነገር እዚህ ይብቃ።»

«ርቦኛል፤ እህሉን እቀበላለሁ» አልኩ። «አይበቃም ግን። መጀመሪያ መልስ እፈልጋለሁ።» ወደ ወንድሙ ልጅ ዞርኩ። «ሰውዬው ሁለት ጊዜ ጠይቆሃል። ሁለት ጊዜ የለም ብለሃል። ጎመኔን አላየኸውም?»

«እትዬ፣ እቤት እንነጋገር።»

«እቤት እኮ ነው አጥበው ይብሉት ያልከኝ። እዚህ ንገረኝ።»

በዱላው ጫፍ መሬቱን ጫረ። ማንም አላገዘውም። እኔም አላገዝኩትም፤ ድስቱ እስኪቀዘቅዝ ቆሜ ጠበቅሁት።

«አይቼዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ማዕዘኑን ስንዞር ረግጬው ነው ያለፍኩት። የሴት ጎመን ነው ብዬ ከሰብል አልቆጠርኩትም።»