ሽቦ፣ ሚስቱና አዲሱ ሞተር

በባቡር ጥገና ጋራዡ ውስጥ ሁሉም «ሽቦ» ነው የሚሉት። ዕድሜውን ሙሉ የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ የመዳብ ሽቦውን እንደ አዲስ ሲጠቀልል የኖረ ሰው ነው። ሰውነቱም ከሥራው ብዙ አይለይም፤ ንፋስ ሲነሳ ኮፍያውን ሳይሆን ራሱን ነው የሚይዘው። ወሬው ግን ለብቻው አንድ ፉርጎ ይሞላል።

አዲሱ የባቡር ሞተር የመጣ ሰሞን ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ ጠፋ።

«ስሚኝ እንጂ!» አላት ሚስቱን ራት ላይ። «የድሮው መጀመሪያ ኤሌክትሪክ በልቶ ነው ማግኔት የሚሆነው። ይሄ ግን ማግኔቱን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የመጣው፤ ብዙ አይበላም። ባቡሩ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ለመስመሩ ይመልሳል!»

«የወሰደውን የሚመልስ ነገር እዚህ ቤት አይቼ አላውቅም። ጋራዣችሁን ለቤተሰብ በምታስጎበኙበት ቀን መጥቼ አየዋለሁ» አለች።

ሽቦ ደስ ሊለው ሲል ያነሳውን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረ። የጋብቻ ቀለበቷ ትዝ አለው። ሲጋቡ ኪሱ ባዶ ስለነበር ያጠለቀላት ወርቅ የተቀባ ብረት ነው፤ በሰው ፊት ግን «ንጹሕ ወርቅ» ብሎ ምሏል። ያ ማግኔት ደግሞ መፍቻ ከእጅ የሚነጥቅ ነው። ሚስቱን በጣም ይወዳታል፤ ውሸት እንደማትወድም ያውቃል። ወንድሟ አንዲት ትንሽ ውሸት ዋሽቷት እስከ ዛሬ በሩቅ ሰላምታ ብቻ ነው የሚተያዩት።

በጉብኝቱ ቀን ጠዋት፣ «ቀለበትሽን ቤት ተይው፤ እዚያ ዘይት አለ» አላት።

«ስንት ዓመት ያላወለቅኩትን ዛሬ ለዘይት ብዬ?»

የሞተሩ መሽከርከሪያ ከነማግኔቱ ከቀፎው ወጥቶ የእንጨት ርብራብ ላይ ተጋድሟል። ሽቦ እንደ በረኛ ፊቱ ተገተረ። ሚስቱ ወደ ቀኝ ስትል እሱም ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ስትል እሱም ወደ ግራ።

«ምን ሆነሃል አንተ? አሳያት እንጂ!» አለ የክፍሉ አለቃ። «ወርቅ ችግር የለውም እመቤት፤ የሚስበው ብረት ብቻ ነው። ይንኩት።»

እጇን ዘረጋች። ሽቦ እጇን ለመያዝ ዘሎ ሲገባ አንድ ነገር «ቀጭ!» ብሎ ተጣበቀ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ይቅር በይኝ! ብረት ነው! ያኔ ገንዘብ አልነበረኝም!» ብሎ ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኸ።

ዓይኑን ሲገልጥ የእሷ እጅ ማግኔቱን በነፃነት ይዳብሳል። የተጣበቀው የራሱ ጣት ከነቀለበቱ ነው። ሠራተኛ ሁሉ በር ላይ ቀለበት የማውለቅ ደንብ አለበት፤ እሱም ሁልጊዜ ያወልቃል። ዛሬ ግን የእሷን ሲያስብ የራሱን ረስቷል።

«የእኔማ... አንቺ የገዛሽልኝ... ወርቅ አይደለም እንዴ?»

«ወርቅ ነበር» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «በተጋባን በዓመቱ የእኔ ዝጎ ጣቴን አጠቆረው። ትርፍ አንጀትህን ኦፕራሲዮን ስትሆን ነርሷ ያንተን አውልቃ ሰጠችኝ። ወርቅ ሠሪ ጋ ወስጄ ያንተን ለእኔ አስጠበብኩት፤ የእኔን አስፍቼ፣ አስቀብቼ ላንተ መለስኩልህ። መቼ ትነግረኛለህ እያልኩ ይኸው እስከ ዛሬ ጠበቅኩ።»

ጋራዡ በሳቅ ተናጋ። ሁለት ሠራተኞች ጣቱን ሊያላቅቁ የእንጨት ሽብልቅ ይዘው ሮጡ።

«ቀስ በሉ እናንተ» አለች ሚስቱ፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች። «እስቲ ትንሽ ይቆይበት።»