ወተት ያልቀመሱት እናት

ደብረ ታቦር ሁለተኛ ደረጃ ስንማር እኔና ጓደኛዬ ጦር አካዳሚ ለመግባት በየማለዳው ዳገት እንሮጥ ነበር። እኔ ገና ከሰፈር ሳልወጣ ማለክለኬ እብናት ድረስ ይሰማ ነበር፤ እሱ ግን አያልበውም። ችግሩ ክብደቱ ነበር። የጉና ንፋስ አንስቶ ገሳይ እንዳይጥለው ኪሱን ድንጋይ እሞላለት ነበር ብል ብዙም አልዋሸሁም።

ምልመላው ሁዳዴ ላይ ዋለ። ልጃቸው ሚዛን ላይ እንደሚወድቅ የገባቸው እናቱ ንስሐ አባታቸው ዘንድ ሄዱ፤ እኛም ተከተልን።

«አባ፣ እሱ ወተት ይጠጣ። እኔ በእሱ ፈንታ፣ ተመርቆ ቤቴ እስኪገባ ፍስክም ቢሆን ወተት አልቀምስም።»

«አንቺስ ከሱ በምን ትወፍሪያለሽ?»

«እኔን ማን ይመዝነኛል፣ አባ?»

ቄሱ ስቀው ፈቀዱ። ጓደኛዬ ጠጣ፣ ክብደቱም ሞላ፣ አለፈ። እኔን ሩጫው መለሰኝ። እሱ በተመረቀ ማግስት ወደ ግንባር ተላከ፤ ቤቱ ሳይገባ ወሬው ጠፋ።

ዘንድሮ ለፋሲካ እናቱን እንኳን አደረሰዎ ልል ሄድኩ። አሁን እኔም ቦርጫም ሽበታም ሆኛለሁ። እርጎ በትልቅ ዋንጫ ሰጡኝ።

«እማማ፣ እርስዎም ይቅመሱ እንጂ፣ ጾሙ እኮ ተፈታ።»

«ላንተ ነው የተፈታ» አሉኝ። «ጠጣ ልጄ። ሲመጣ ከስተህ እንዳያገኝህ።»

ለቅሶ ቤት ሳይቀር የማስቅ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ዋንጫውን አንስቼ እስኪያልቅ ጠጣሁ።