ገብስ ላይ የተወጠረው ካሴት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። ዓይን አፋር ነኝ፤ ሰው ፊት ድምፄ ይጠፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ለእናንተ እጽፈዋለሁ።

ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ፣ ዘፈንና መዝሙር ስልክ ላይ የሚጫንበት ሱቅ ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን እማማ ጥሩ ከዳባት መጡ። ባለቤታቸው የኔታ የዜማ መምህር ነበሩ፤ አርፈዋል። ድምፃቸው የቀረው አንድ ካሴት ላይ ብቻ ነው። እማማ ወደ ስልክ እንዲገለበጥላቸው ፈለጉ። የየኔታ ተማሪ ዲያቆን ይባቤ ከዚያ እየሰማ የቀረውን ዜማ ጨርሶ በመምህሩ ወንበር እንዲቀመጥ ነበር ምኞታቸው።

ኮምፒውተሩ ሞልቶ ነበር። ቦታ ለማስለቀቅ ሰነፍኩና ካሴቱን በዝቅተኛው ጥራት ቀዳሁት። ሳዳምጠው የየኔታ ድምፅ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ መሰለ። ርክርኩ፣ ያ ጉሮሮ ውስጥ የሚንቀጠቀጠው ስልት፣ ተድበስብሷል። እንደገና መቅዳት ነበረብኝ። እማማ ግን መኪና እንዳያመልጣቸው ደጅ ደጁን ያያሉ። «አበላሽቼዋለሁ፣ ይጠብቁኝ» ማለት አፈርኩ።

ታዲያ ምን አደረግሁ? የተበላሸውን ቅጂ በፕሮግራም አሳደግሁት። የጥራት ቁጥሩ ከፍ አለ፣ ፋይሉ ከበደ። ሁለቱን ቅጂዎች በጆሮ ማዳመጫ እያፈራረቅሁ ሰማኋቸው፤ አንድ ናቸው። ያልተቀዳ ድምፅ ከየት ይመጣል? የማሰሮ ጠላ ጋን ውስጥ ቢገለበጥ ይበዛል እንዴ? አውቄ ነው የዋሸሁት። አውቄ።

«የሳቸው ድምፅ ነው ልጄ?» አሉኝ።

«አሳድጌዋለሁ እማማ። ከካሴቱም ይበልጣል።»

«እሰይ! በቁመት አጭር ነበሩ፤ ከሞቱ በኋላ አሳደግሽልኝ» ብለው ሳቁ።

ካሴቱን ምን ላድርገው ሲሉኝ፣ «ከእንግዲህ አያስፈልግም» አልኩ። ይህን ለምን ጨመርኩ? ማንም ከቅጂው ጋር እንዳያስተያየው ነው።

በእኛ አገር የካሴት ክር ወፍ እንዲያባርር ገብስ ላይ ይወጠራል፤ ነፋስ ሲነካው ያፏጫል። እማማም እንዲሁ አደረጉት። የየኔታን ድምፅ ፀሐይና ዝናብ ጨረሰው።

ሰሞኑን ለዘመድ ተዝካር ዳባት ሄድኩ። ይባቤ ያንን ዜማ ሲያዜም አንድ ሽማግሌ መሪጌታ አስቆሙት።

«አንተ፣ ርክርኩን ጅብ በላው?»

ሰው ሳቀ። ይባቤን ላብ አጠመቀው።

«የኔታ እንዲህ ነው የሚሉት። ድምፃቸው ስልኬ ላይ አለ።»

«እንዲያማ ከሆነ እሳቸውም አያውቁም ነበራ!»

እማማ ጥሩ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። እኔ ከሴቶቹ መሃል ነበርኩ። አንዲት ቃል ብናገር የሟቹ ስም ይጸዳ፣ የይባቤም ወንበር ይተርፍ ነበር። ዝም አልኩ። ካሴቱ ላይ የሠራሁትን በደል እዚያ ተቀምጬ ደገምኩት።

እሑድ ዳባት እወርዳለሁ። ከቅዳሴ በኋላ፣ የሳቁት ሁሉ ሳይበተኑ፣ እማማ ጥሩ እግር ላይ እወድቃለሁ። ከዚያ ተነሥቼ ርክርኩን የበላሁት እኔ መሆኔን ለመሪጌታው እናገራለሁ። የኔታ ያውቁ ነበር፤ ይባቤም የሰማውን በታማኝነት ነው የያዘው። ድምፄ ቢጠፋ እስኪሰማ ደግሜ እላለሁ። ይቅር ባይሉኝ አልፈርድባቸውም፤ ካሴቱን የምመልስበት መንገድ የለኝም።

ዓይን አፋርነቴንም ምክንያት አላደርገውም። ስዋሽ አላፈርኩም።