ሲንቄዬን ይዤ ምጽዋ

ልጄ አሥረኛ ክፍል ሳለች፣ «እማዬ፣ ከክፍላችን ጋር ምጽዋ ልንሄድ ነው! የድሮውን የባሪያ ንግድ ወደብ ልናይ!» ብላ እየዘለለች መጣች። እኔ ግን «አትሄጂም» አልኳት። የአያቴ እህት ገና በልጅነቷ ነጋዴዎች ወደ ባሕር ነድተዋት እንደወጣች ቀርታለች። እኛ ቤት «ባሕር» ከተባለ ልጅ ይታቀፋል።

ለመንኩ፣ ተቆጣሁ፣ አልሆነም፤ አባትየው ፈቅዷል። በመሄጃቸው ጠዋት ሲንቄዬን አነሳሁና አውቶቡሱ ፊት ተገተርኩ። ሲንቄ በሠርጌ ቀን እናቴ የሰጠችኝ ቀጭን በትር ነው። እኛ አርሲዎች ዘንድ ያገባች ሴት እሱን ይዛ ከቆመች ወንድ አልፏት አይሄድም።

ሾፌሩ የአርሲ በቆጂ ሰው ነበርና ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ነካህ? ንዳ እንጂ!» አለው የታሪክ አስተማሪው፤ እሱ ከአዲስ አበባ የመጣ ነው።

«መምህር፣ ከፈለግህ አንተ ንዳው። እኔ እሳቸውን አልፌ ብሄድ እናቴ ቤት አታስገባኝም።»

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈነዱ፤ ልጄ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ሾፌሩ ወርዶ፣ «አዴ፣ ምን ይደረግልዎ?» አለኝ።

«ልጄ ትመለስልኝ።»

«ታዲያ አብረዋት ሄደው ራስዎ ይዘዋት ይምጡ! ይግቡ!»

አስተማሪው ራሱን እየነቀነቀ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

መንገዱ ረጅም ነው። ለልጄ የቋጠርኩላት ጩኮ፣ በቅቤ የታሸው የገብስ ዱቄት፣ ምጽዋ ስንደርስ በሙቀቱ ሾርባ ሆኖ ተገኘ፤ እየተሳሳቅን በማንኪያ ጠጣነው። ለአሰላ ብርድ የለበስኩትን ጋቢማ የት ልጣለው!

አስተማሪው ከባሕር ድንጋይ ወደተሠራ አሮጌ ቤት ወሰደን። «ለባርነት የተያዙት ሰዎች በዚህ በር ይገባሉ፤ መውጫቸው ግን በባሕሩ በኩል ነበር» አለን። ግንበኞች የተሰነጠቀውን ግድግዳ ይጠግኑ ነበር። ንዴቴ መጣ።

«እንዲህ ያለ ቤት ይፈርሳል እንጂ ይጠገናል?»

«ከፈረሰማ፣ እማዬ፣ የአያትሽን እህት ነገር ማን ያምነናል?» አለች ልጄ።

እጇን ያዝኩና ገባን፤ ግድግዳውን በመዳፌ ዳበስኩት። ከዚያ ሲንቄዬን አስቀድሜ፣ በባሕሩ በኩል ሳይሆን በገባንበት በር ይዣት ወጣሁ። በሩ ላይ የነበረው አስተማሪ ፈጠን ብሎ መንገድ ለቀቀ።

«አሁን ተማርክ» አልኩት። ሾፌሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

አሰላ እስክንገባ ግን እጇን አልለቀቅኩም።