እጄን ያነሳሁበት ጠዋት

በ1994 ዓ.ም. መስከረም ነበር። ክረምቱ ሄድኩ እያለ የማይሄድበት፣ ኮልፌ ላይ ጭቃው ገና ያልደረቀበት ሰሞን። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

የረሳሁት ይመስለኝ ነበር። ትናንት አመሻሽ ላይ ትልቁ ልጄ፣ በቅርቡ ቱርቦ ያስገጠመላትን መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ስልክ ያወራል። እኔ ጎመን እየከተፍኩ ነው። ሞተሩ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ሊጠፋ ይደርስና እንደገና ይስባል። ቢላዬ ቆመ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ።

አባዬ የቅቤና የኮረሪማ ነጋዴ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው የካቲት ከመሞቱ አስቀድሞ፣ ሳንባው ታሞ ግቢውን በሚያየው ክፍል ወራት ተኛ። ትንፋሹ ከፍ ይልና ይወርዳል፣ ከዚያ ይቆማል። እኛም አብረነው እንቆማለን። ከዚያ እንደገና ይስባል። እጄን ደረቱ ላይ ሳሳርፍ ይረጋለት ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም። እማዬ "እጅሽን አታንሺ" ትለኛለች። አንድ ጠዋት ውኃ ላመጣለት አነሳሁ። ስመለስ አልቋል።

አሮጌ ነጭ መኪናው ለወንድሜ ለኤልያስ ቀረች። ኤልያስ አስራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ካለ ጋራዥ ይሠራ ነበር። ከጅቡቲ የመጣ ቱርቦ ያለው ሞተር አግኝቶ ክረምቱን ሙሉ ግቢያችን ውስጥ በላስቲክ ድንኳን ስር ሲገጥም ከረመ። ቱርቦ ማለት በጭሱ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚያጭቅ ነገር ነው ብሎ አስረድቶኛል። ሐሳቡ እማዬን ለመስቀል አገሯ ማድረስ ነበር፤ በጅማ መንገድ፣ ግቤን ወርዶ። እማዬ ከቀብሩ ወዲህ የሳቀችው ይህን የነገራት ቀን ነው። በማግስቱ ለዘመድ የሚሆን ሳሙናና ጨው መግዛት ጀመረች።

መኪናዋ ስትነዳ እንደ ጥይት ነበረች። ስትቆም ግን ሚኒሞ አልይዝ አለች፤ ነዳጅ ሳይረገጥ በራሷ ረግታ መሥራት አቃታት። ኤልያስ ካንዴላ ቀየረ። የቤንዚን ማጣሪያ ቀየረ። የቱርቦውን ቧንቧዎች ሦስት ጊዜ ፈትቶ አሰረ። ጥርጣሬው ሁሉ እሱ ራሱ በገጠመው አዲስ ነገር ላይ ነበር። የሰፈር ጎረምሶች በአጥር ላይ ያዩታል።

"ኤሉ፣ መኪናህን አስም ይዟታል እንዴ? ጤና ጣቢያ ውሰዳት እንጂ!"

"መፍቻ ሳይዙ ምክር! ሂዱ ወደዚያ!" ይላል እየሳቀ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እማዬ ልብስ ልታወርድ ወጥታ ገመዱ ስር ቀረች። ሞተሩ ከፍ አለ፣ ወረደ፣ ቆም አለ፣ ሳበ። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የፊት መብራቱ ቆርቆሮው አጥር ላይ ይደምቃል፣ ይደክማል። ወንበሮቹ ሞቀው የቆየው የኮረሪማ ሽታ ወጣ።

"ይሄ የአባታችሁ ትንፋሽ ነው" አለች።

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባዬ የሞተበትን ክፍል መስኮት ዘጋችው። ሳሙናውንም ከሻንጣው አወጣችው። ኤልያስ ቢለምናት "በምን አንጀቴ እዚያ ውስጥ ልቀመጥ ልጄ?" አለችው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ደስታ፣ ጎረቤታችንም ነበሩ፣ ይህን ሰምተው መጡ።

"ሙታን አይመለሱም" አሉ ኮታቸውን እየቆለፉ። "ይሄ ሌላ ነገር ነው። ኑ፣ እጃችንን እንጫንበት።"

"ጋሼ፣ ሞተር እኮ ነው" አለ ኤልያስ።

"አውቃለሁ ሞተር መሆኑን። አንተስ ሁለት ሳምንት ሙሉ ምን አደረግህለት?"

ኤልያስ ኮፈኑን ከፍቶ አስነሳው። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ጉም ግቢው ላይ ወርዷል። ጋሽ ደስታና እማዬ ዳር ዳሩን ያዙ። ለእኔ የቀረልኝ ወደ ውስጥ ያለው ነበር። እንዳያቃጥለኝ እጄን በነጠላዬ ጫፍ ጠቀለልኩና አንድ ወፍራም የጎማ ቱቦ ላይ አሳረፍኩ። ጸሎቱ ተጀመረ። ሞተሩ ይተነፍሳል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ በኋላ ጣቴ ከቱቦው ስር ሲገባ አንድ ነገር ነጠላዬን ያዘ።

ሕፃን ጡት እንደሚይዝ ነበር አያያዙ።

ያን ጊዜ ሞተሩ ጸጥ ብሎ ረጋ። እማዬ ጮኸች። ጋሽ ደስታ "ሃሌ ሉያ!" አሉ። እኔ በድንጋጤ እጄን መነጨቅኩ፤ ነጠላዬ ተቀደደ፤ ሞተሩ ግን እንደረጋ ቀረ። ሁሉም ሲዘምሩ እኔ የነጠላዬን ጫፍ አየሁ። ጣት የምታህል ጨርቅ የለችም። የቀረው ዳር ጥቁር ሆኗል።

ማታ ቆጮ በጎመን ቀረበ። እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች። ልነግራቸው አፌን ስከፍት፣ "ዛሬ ነው አባታችሁ ያረፈው" አለች። አፌን ዘጋሁ። ጋሽ ደስታም ምስክርነቱን ለእሁድ ቀጥረውታል። በልቤ፣ እግዚአብሔር የሠራውን በአንዲት ብጣሽ ጨርቅ ልታበላሺ ነው ወይ አልኩ። ደግሞም ፈራሁ። እጄን ያነሳሁበት ሌላ ጠዋት ትዝ አለኝ።

ሲነጋ ኤልያስ ሻንጣውን ጭኖ ጨርሷል። እማዬ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ሞተሩ እንደ ሰዓት ይሠራል። እኔ ሄጄ ከመኪናዋ ፊት ቆምኩ።

"ኮፈኑን ክፈተው።"

"ሂሩትዬ፣ መሽቶብን ግቤ ልንገባ ነው፤ ዞር በይ እስቲ።"

"ክፈተው አልኩህ።"

"ከመቼ ወዲህ ነው ደግሞ መካኒክ የሆንሽው?" አለ፤ ግን ከፈተው።

ቱቦውን በጣቴ ዳሰስኩ። ከስሩ ጨርቄ ስንጥቁ ውስጥ ተወትፋለች። ለጥቂት ጊዜ ያዝኳት። "ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ" አልኩና ሳብኩ።

ትንፋሹ ተመለሰ። ከፍ አለ፣ ወረደ፣ ቆም አለ። ከተከፈተው ኮፈን ጎን በመስታወቱ እማዬ ዓይኗን ስትጨፍን አየኋት።

"እማዬ፣ አባዬ አይደለም" አልኩ። "ሌላም ነገር አይደለም። ቱቦው ተቀዷል። ትናንት የዘጋው የእኔ ነጠላ ነው።"

ኤልያስ ጎንበስ ብሎ በባትሪ አየና ፊቱ ነጣ። "ይሄ እኮ የፍሬኑ ነው" አለ። ፍሬን ሲረገጥ እግርን የሚያግዘው ቱቦ ነበር፤ ያለ እሱ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። አዲሱን ሞተር ሲገጥም እሱን ብቻ ከአባዬ ጊዜ እንደነበረ ትቶታል። የቱርቦው ሙቀት ከስር አብስሎ ሰንጥቆታል። ጨርቋ መንገድ ላይ ብትወጣ፣ ወይም ስንጥቁ ቢሰፋ... "ግቤ ቁልቁለት ላይ" አለና ሳይጨርስ ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

እማዬ ወረደች። እጄን ይዛ ስንጥቁን እንዳሳያት አደረገችኝ፤ ከዚያ በራሷ ነጠላ ሸፈነችው። ሞተሩ ረጋ። ረጅም ጊዜ እንዲሁ ቆመች። በኋላ እጇን አነሳች። እንግዲህ አንድ ነገር ልናገር፦ እጇን ካነሳች በኋላ ስንጥቁ ክፍት ሆኖ እያየሁት፣ ሦስት ትንፋሽ ያህል ሞተሩ እንደረጋ ቆየ። ኤልያስ ምክንያቱን እስከ ዛሬ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

"አጥፋው ልጄ" አለች። "ይረፍ።"

ቱቦው በማግስቱ ተቀየረ፤ ለመስቀልም ደረሱ። ለጋሽ ደስታ ሄጄ ነገርኳቸው። ጨርቋን በመዳፋቸው ይዘው አገላብጠው አዩዋት። "እንግዲያውስ ምስክርነቱን አንቺ ስጪ፤ አንዱንም ሳታስቀሪ" አሉኝ። እሁድ ዕለት ቆሜ ሰጠሁ። አጭር ነበር።

ያ እጅ የእኔ ነበር፤ እዚያ ያሳረፈው ግን እኔ አይደለሁም። ይህን እያሰብኩ ሃያ ምናምን ዓመት አመሰገንኩ። አንድ ሌሊት ዝም ማለቴን ግን እስከ ዛሬ ይቅርታ እጠይቅበታለሁ።

ዛሬ ጠዋት ልጄ ቁርሱን ሳይጨርስ ቁልፉን አንስቶ ወጣ። ነጠላዬን በእጄ ጠቅልዬ ተከተልኩትና ከመኪናው ፊት ቆምኩ።

"ኮፈኑን ክፈተው" አልኩት።