ቧንቧው እና የስም ጥሪው

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ መጻፍም አልለመድኩም። ግን ይሄ ነገር ከሆዴ ካልወጣ እረፍት የለኝም።

የከተማው ምክር ቤት አባል የሆንኩት የሰፈር ሴቶች «አንቺ ዝምተኛ ነሽ፣ አትዋሺም» ብለው መርጠውኝ ነው። እዛ ከጎኔ የሚቀመጠው የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሁሉም ሰው ቧንቧው ነው የሚለው። ጫማው እርጥብ ነው፣ መፍቻው ከኮቱ ኪስ ብቅ ብሎ ይታያል። አሥር ደቂቃ መቀመጥ አይችልም። ስልኩ ሲንቀጠቀጥ እሱም አብሮ ይንቀጠቀጣል።

በሁለተኛው ስብሰባ ስም መጠራት ሳይጀመር ተደወለለት። አንዲት አሮጊት ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው አልጋቸው ሥር ገብቷል። «እህቴ፣ ስሜ ሲጠራ የት እንደሄድኩ ንገሪልኝ» ብሎኝ ሮጠ። ስሙ ተጠራ። አፌን ስከፍት ሃምሳ ሰው ዞሮ አየኝ። ምላሴ ተሳሰረና «አለ» ብቻ አልኩ። ጸሐፊው ምልክት አድርጎ አለፈ።

ሲመለስ አፍሬ አልነገርኩትም። በሚቀጥለውም እንደዛው አደረግኩ፣ ከዛ ለመደብኝ። እሱ ለየትኛው ሥራ እንደሚወጣ ሁሉም የሚያውቅ ይመስለው ነበር። እንዲህ እንዲህ እያልን ዘጠኝ ዓመት ሄደ።

ባለፈው ወር ልቡ ድንገት ቆሞ አረፈ።

እኛ ጋ አባል ሲሞት በሚቀጥለው ስብሰባ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፣ ከዛ ድምፅ ተሰጥቶ ፎቶው ኮሪደሩ ላይ ይሰቀላል። ሚስቱ ተጠርታ ከኋላ ተቀምጣለች። ጸሐፊው አነበበ፣ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። የቀለም መደብር ያላቸው አዛውንት አባል እጃቸውን አወጡ። መዝገቡ አንድም ቀን አልቀረም ይላል፣ እኔ ግን ወንበሩን ባዶውን ነው የማውቀው አሉ። ቀጠሉና፣

«ስሙን አስመዝግቦ ለሚሾልክ ሁሉ ፎቶ ከተሰቀለ ግድግዳው አይበቃንም።»

ሰው ሳቀ። ሚስቱ አንገቷን ደፋች።

የቀሚሴን ጠርዝ ስነካካ ስፌቱ ተተርትሮ እጄ ላይ ቀረ። ነገ ለሰብሳቢው ብቻቸውን እነግራቸዋለሁ አልኩ በልቤ። ነገ ደግሞ ለማን ይጠቅማል? ሰብሳቢው እንግዲህ ድምፅ እንስጥ ሲሉ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም።

«ጋሼ፣ እሱ አልሾለከም። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ድምፄ የትንኝ ነው፣ ከኋላ አይሰማም አሉ። ደገምኩት። መድገሙ ከመጀመሪያው ባሰ። ስለ አሮጊቷ አልጋ፣ ውሃ ስለሞላው የክሊኒኩ ማዋለጃ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ መጸዳጃ፣ ሲወጣ ሹክ ያለኝን ሁሉ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ንገሪልኝ ያለኝን ሳልናገር ሌባ እንዳስመሰልኩትም ጨመርኩ።

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። በሐሰት ማስመዝገብ በደንቡ ከአባልነት እንደሚያሳግድ ነግረውኝ፣ ቃሌ በቃለ ጉባኤ ይያዝ እንደሆነ ጠየቁኝ። «ይያዝ» አልኩ። አዛውንቱ ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን ከሁሉም በኋላ አወጡ። ፎቶው እንዲሰቀል ተወሰነ። የኔ ጉዳይ ለሌላ ቀን ተቀጠረ።

ስወጣ ሚስቱ ኮሪደር ላይ ክንዴን ያዘችኝ። ልትሰድበኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«በነፃ መሥራት ይበቃሃል እያልኩ ስለምጨቀጭቀው ለኔ ስብሰባ ነበርኩ ነው የሚለኝ» አለች። «አንድ ቀን ሰብሳቢያችሁን ገበያ አግኝቼ ስጠይቃቸው፣ እሱ መች ይቀመጣል አሉኝ። ውሽማ ይዟል ብዬ ሦስት ዓመት ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።»

የአሮጊቷ ቤት የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ የት ነው ብዬ ጠይቄው አላውቅም።

ከዛ ወዲህ ማታ ማታ ሱቄን ስዘጋ ሁለታችን በየሰፈሩ በር እናንኳኳለን። ባለቤቴ ልብስ ለመስጠት የመጡ ሰዎች ተመለሱ እያለ ይቆጣል። እስካሁን እሱ ቧንቧ የጠገነባቸው አሥራ አንድ ቤቶች አግኝተናል። አሮጊቷን ገና አላገኘናቸውም።