የተመለሱ ባለጉዳዮች

በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ክፍል መዝገብ ቤት ናት። እዚያ ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩትን ሴት ከደመወዝ ዝርዝሩ በቀር በስማቸው የሚጠራቸው የለም፤ ለሁሉም እትዬ ፋይል ናቸው። የፋይል ቁጥሩን የማያውቅ ባለጉዳይ ሲመጣ «አባትህ የቱ ሰፈር ነበር ቤታቸው?» ብለው ይጠይቁና አቧራውን እፍ ብለው ያወጡለታል።

ግምገማ በየስድስት ወሩ ይመጣል፣ ብርቅ አይደለም። ያሁኑ ግን የዋዛ አልነበረም፤ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘ ሠራተኛ ከተማ ዳር ወዳለው ቅርንጫፍ ይዛወራል ተባለ። እትዬ ፋይል ክው አሉ። ባለቤታቸው አልጋ ከያዙ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤታቸው ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ስለሆነ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሮጠው ሄደው የሚያጎርሷቸው እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ሰው የለም።

ሠራተኛው ራሱ የሚሞላውን የግምገማ ቅጽ ያረቀቀው ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ መቸኮሉ ግን ያስታውቃል። አራተኛው መስመር «በስድስት ወር ውስጥ የተመለሱ ባለጉዳዮች ብዛት» ይላል። መልስ ያገኙትን ማለቱ ነው፤ ሌሎቹም ገብቷቸው በመቶ በመቶ ጻፉ። እትዬ ፋይል ግን ማንን ባዶ እጁን መለስኩ ብለው ቢያስቡ ቢያስቡ አንድም ሰው አጡ። ደስ እያላቸው ዜሮ ጻፉ።

ውጤቱ ሲለጠፍ መጨረሻ ላይ የተገኙት እሳቸው ናቸው። አቤት ማለት? እሳቸው እቴ! ዕቃቸውን ይሰበስቡ ጀመር።

የተናደደው የበሩ ጥበቃ ነው። ኮፍያውን አውልቆ አለቃው ቢሮ ገባ።

«ጌታዬ፣ እኔ ገቢ ወጪውን የማይ ሰው ነኝ። እሳቸው ዘንድ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላየሁም፤ አንድም!»

አለቃው «እሳቸውም የጻፉት ይህንኑ ነው» ሊል አፉን ከፈተና ቀጥ አለ። ቅጹን ደግሞ አነበበው። መጀመሪያ ሳቁ መጣ፣ ቀጥሎ አፈረ። የፋይል መውጫ ደብተሩ ሲታይ እትዬ ፋይል ያስተናገዱት ሰው ከሁሉም በልጦ ተገኘ። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል ይባላል፤ ይሄ ሰውዬ ግን፣ ይባረክና፣ የተለጠፈውን በገዛ እጁ አወረደው። መዝገብ ቤት ድረስ ወርዶም ይቅርታ ጠየቃቸው።

እትዬ ፋይል በሩ ላይ ደርሰው ጥበቃውን ሊያመሰግኑ ቆሙ። «ወንድሜ፣ ምን ብዬ ልመርቅህ?» አሉት። ምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ይሂዱ አላቸው።

ሄዱ። በሩን ሲከፍቱ ከአልጋው ላይ ያው የየቀኑ ጥያቄ መጣ።

«ተመለስሽ?»

ያን ቀን እንባቸው ቀደማቸው።

«ተመለስኩ» አሉ፤ «ተመስገን፣ ተመለስኩ።»